ናኖሜትር በትሪ ውሃ ላይ ይለካል ወይ? ስለ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት የተከፈተ የውይይት ክርና 31 ምላሾቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም እመራለሁ። በቅርቡ ስለ ናኖቴክኖሎጂ አጭር ገለጻ ሰጥቼ ስጨርስ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ መሆኑን በደብተሩ መጻፉን፣ ነገር ግን ማንም በማስመሪያ ያልለካውን ነገር እንዴት ማመን እንዳለበት ጠየቀኝ። የሰው ፀጉር በአማካይ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር እንደሚወፍር ነገርኩትና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍኩ። ያ መልስ ሳይሆን ማምለጫ እንደነበረ እርሱም እኔም አውቀናል።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ በሚቀጥለው የክበብ ቀን የብር ናኖ ቅንጣቶችን ለመሥራት ተነሣን። አሠራሩ ቀላል መሆኑን አንብቤ ነበር፤ ሲልቨር ናይትሬት በተባለ የብር ጨው ብጥብጥ ላይ የሻይ ቅጠል ውሃ ሲጨመር ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። የእኛ ግን ሻዩ ገና ሳይደርስበት፣ ሲልቨር ናይትሬቱን በቧንቧ ውሃ እንደበጠበጥነው ወተት መሰለ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም የሆነው ነገር ሳይገባኝ ከእነርሱ ጋር ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

ስለዚህ ልጠይቅ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለበት፣ 62 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪው በገዛ እጁ ሠርቶና ለክቶ ስንት ናኖሜትር እንደሆነ በቁጥር የሚናገርበት ሙከራ አለ ወይ? የራሴን አቋም አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ቀለም የሚለውጥ፣ የሚያበራ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ደስ ይላል፤ ቁጥር ካላስገኘ ግን ትርኢት ነው።

ከዚህ በታች የምተርከው በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጡትን ምላሾች ነው። ቃል በቃል አልገለበጥኳቸውም፤ አንዳንዶቹን በአንድ ላይ አልፌአቸዋለሁ፣ ሌሎቹ ላይ ቆይቻለሁ።

ምላሾቹ

1ኛው ምላሽ ከባሕር ዳር አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት የጻፉት ሲሆን፣ በትሕትና ግን ያለ ማባበል የጭብጨባችንን ምክንያት ነገሩን። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለበት ሲልቨር ናይትሬት ሲገባበት ሲልቨር ክሎራይድ የሚባል ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ብርሃን ሲያገኘውም እየጠቆረ ይሄዳል። ተማሪዎቼ ያጨበጨቡት በሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ለሚገኝ ተራ የክሎራይድ መለያ ሙከራ ነበር። መፍትሔውም በመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የባትሪ ውሃ ነው፤ ነገር ግን ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ስለሆነ ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ሳያነቡ እንዳይገዙ አጥብቀው አሳሰቡ። የገዛነው ውሃ ንጹህ መሆኑን ለማወቅም ያንኑ ሲልቨር ናይትሬት አንድ ጠብታ ጣል ማድረግ በቂ ነው፤ ከደፈረሰ ውሃው አይሆንም።

2ኛው ይህንን ተቀብሎ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ውሃው ንጹህ ቢሆን እንኳ ቡናማው ቀለም የሻዩ ይሁን የብሩ በምን እናውቃለን? ብር በናኖ መጠን ሲሆን በ400 እና በ420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሐምራዊ ብርሃን ስለሚውጥ ቢጫ ይመስላል፤ ሻይ ግን በራሱ ቢጫ ነው። ስለዚህ ብር ያልገባበት ሁለተኛ ብርጭቆ ሁልጊዜ ከጎን መቆም አለበት። እንዲህ ያለው ማነጻጸሪያ ብርጭቆ በትምህርት ቤቶቻችን ሙከራ ውስጥ ሲቀርብ እምብዛም አላየሁም፤ እኔም አላቀረብኩም ነበር።

3ኛው ምላሽ የመጣው በወላይታ በግብርና ልማት ሠራተኝነት ከምታገለግል እህት ነው። ናኖ የሚባለውን ነገር ለማየት የጎደሬ ቅጠል ይበቃል ትላለች። ጠዋት ማሳ ውስጥ ስትገባ በጎደሬው ቅጠል መሐል የተኛው የጤዛ ውሃ እንደ ብር ጠጠር ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ ቅጠሉን ዘንበል ሲያደርጉት ያለ አንዳች እርጥበት ፈትለክ ብሎ ይወርዳል፤ ሲወርድም በላዩ ያለውን አቧራ ጠራርጎ ይወስዳል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ቅጠል በአውራ ጣት ሁለት ጊዜ ሻሽ ሻሽ አድርጎ ውሃ መጣል ነው፤ ጠብታው የታሸው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጣበቃል። ምክንያቱም ውሃውን የሚገፋው ቅጠሉ ሳይሆን በላዩ ያለው በዓይን የማይታይ የሰም ሸካራነት ነው፤ ጣት ያንን ይደመስሰዋል። ጎደሬ በሌለበት አገር የጎመን ቅጠል ይተካዋል፤ ጎመን ያጠበ ሰው ሁሉ ይህንን በእጁ ያውቀዋል። ይህ ክስተት በሳይንሱ ዓለም የሎተስ ውጤት የሚል ስም ይዞ በሰፊው የታወቀው ጀርመናውያኑ ባርትሎትና ናይንሁይስ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሳተሙት ጥናት በኋላ ነው።

4ኛው አመስግኖ፣ የመክፈቻውን ጥያቄ ግን አስታወሰ፤ ቅጠሉ ቁጥር አይሰጥም አለ። 5ኛው በከፊል ተቃወመው። ጠብታውን ከጎን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ በፎቶው ላይ ፕሮትራክተር አስቀምጦ ጠብታው ከቅጠሉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን መለካት ይቻላል፤ ከ150 ዲግሪ በላይ ከሆነ ውሃን እጅግ የሚገፋ ገጽ ይባላል። ቁጥር ነው፤ ነገር ግን የማዕዘን እንጂ የናኖሜትር አይደለም። በዚህ እኔም ከ4ኛው ጋር ነኝ፤ ቢሆንም የታሸና ያልታሸ ቅጠል ጎን ለጎን ማሳየቱ ለ2ኛው ጸሐፊ ማነጻጸሪያ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

6ኛው ምላሽ ላይ ክሩ ወደ ልኬት ገባ። ጸሐፊው በየቤቱ አቧራ የሚጠጡትን የድሮ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎች አስታወሰን። በሲዲና በቪሲዲ ላይ ያሉት ቀጫጭን ተርታ መስመሮች እርስ በርሳቸው በ1,600 ናኖሜትር ይራራቃሉ፤ የዲቪዲዎቹ ደግሞ በ740። ካርቶን መሐሉ ላይ ተበስቶ፣ በቀዳዳው በኩል ቀይ የሌዘር ብርሃን በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ወደቆመው ዲስክ ቀጥ ብሎ ይላካል። በካርቶኑ ላይ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ቀያይ ነጥቦች ይታያሉ። ሌዘሩ 650 ናኖሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀዳዳው 22 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚህ ተነሥቶ ማዕዘኑ 24 ዲግሪ፣ 650ውን ለማዕዘኑ ሳይን በማካፈልም የመስመሮቹ ርቀት 1,600 ናኖሜትር ይወጣል። ለዲቪዲ ካርቶኑን ወደ 20 ሴንቲሜትር ማቅረብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነጥቦቹ ከካርቶኑ ወጥተው ግድግዳ ላይ ይጠፋሉ። እዚያም 37 ሴንቲሜትር ይለካል። ሳይን የሚባለውን ነገር ለፈተና ብቻ ለሸመደደ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጥቅሙን የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። እኛም ሞክረነው አንደኛው ቡድን 1,570 አገኘ፤ ማስመሪያቸው ከጫፉ የተቆረጠ ነበር።

7ኛው ስለ ደኅንነት ብቻ ጻፈ፤ አጭር ነው፣ ግን ሊታለፍ አይገባም። ከዲስክ የሚመለስ ሌዘር ወደ የትኛው ተማሪ ዓይን እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ካርቶኑ ሰፊ ይሁን፤ ማንም ከዲስኩ ፊት ለፊት አይቁም። በተለይ በርካሽ የሚሸጡት አረንጓዴ ሌዘሮች ከሚታየው ብርሃን ጋር ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ሊለቁ ስለሚችሉ ከነጭራሹ ይቅሩ።

8ኛው ምላሽ ክሩን አጋለው። ጸሐፊው በናኖ ቁሶች ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሠራ ወጣት ነው። ቅጠልና የፊልም ዲስክ እየያዙ ናኖቴክኖሎጂ ማለት ልጆችን ማታለል መሆኑን ጻፈ። ናኖ የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው እንደሆነና 1,600 ከዚያ 16 እጥፍ ውጭ እንደሆነ አስታወሰ። እርሱ ራሱ የሠራው ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪታይ ወራት ወረፋ መጠበቁን፣ ቤተ ሙከራና መሣሪያ ሳይሟላ ስለ ተግባር ትምህርት ማውራት ድስት ሳይኖር ስለ ወጥ ቅመም መከራከር መሆኑን ጨመረበት። ስለ 1,600ው ያለው እውነት ነው። ቀሪው ግን ምሬት ነበረበት፣ ምሬቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከ9 እስከ 12 ያሉት ከእርሱ ጋር የተደረጉ ክርክሮች ናቸው። 9ኛው ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ መምህር ይመስላሉ፤ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቢኒግና ሮረር አቶሞችን የሚለየውን ማይክሮስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1981 በዙሪክ ሲሠሩ ዋናው ሐሳብ ሹል መርፌን ወደ ገጽ አስጠግቶ መዳበስ እንጂ ማየት እንዳልነበረ፣ ልጆችም መጀመሪያ መማር ያለባቸው ይህንን መሆኑን አስረዱ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናኖቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ ማድረጉን ጠቅሰውም፣ ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መዘጋጀት እንዳለበት ጻፉ። በ10ኛው ምላሽ ወጣቱ መልሶ መጣ፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ይባባል የነበረው ሰው ሁሉ ከዚህ በኋላ አንተ መባባል ጀመረ፣ ሽማግሌውንም ጨምሮ። 11ኛው ከመንገድ ወጣ፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት አስታውሶ፣ ሙከራው በመስኮቱ ውስጥ ሲፈላ ተማሪው ገና የቀኑን ርዕስ እየጻፈ እንደነበር ተረከ። ሳቅንበት፤ ነገር ግን ተረቱ ከጉዳዩ ያን ያህል አይርቅም። 12ኛው የቤተ ሙከራው ቁልፍ ሁልጊዜ ለሥልጠና በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ስለመሆኑ ረጅም ብሶት ስለነበር አልፌዋለሁ።

13ኛው ምላሽ የጠበቅኩትን ይዞ መጣ። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን ውስጥ ክላፋም በሚባል ሥፍራ ባለ ኩሬ ላይ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት አፍስሶ፣ ነፋስ ያንቀሳቅሰው የነበረው ውሃ ግማሽ ኤከር በሚያህል ስፋት እንደ መስታወት ሲረጋ ማየቱን አስታወሱ። ዘገባው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው። ግማሽ ኤከር ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ነው፤ በእኛ ገበሬ አነጋገር ከአንድ ጥማድ ትንሽ ያንሳል። የሻይ ማንኪያውን 5 ሚሊ ሊትር ብንል፣ ይዘቱ ለስፋቱ ሲካፈል ውፍረቱ 2.5 ናኖሜትር ይወጣል። ፍራንክሊን ይህንን ማካፈል አልሠራም። ሁለቱም ቁጥሮች እጁ ላይ ነበሩ፤ ያደረገው ግን ማዕበልን ስለ ማብረድ መጻፍ ብቻ ነው። መምህርቷ ይህንን ማካፈል ከመቶ ዓመት በላይ ተላልፎ ለ7ኛ ክፍል ተማሪ የተረፈ የቤት ሥራ አድርገው አቀረቡት።

14ኛው ቀጠለበት። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1890 የወይራ ዘይት ስስ ሽፋን 1.6 ናኖሜትር ያህል መሆኑን አሰላ። በዚያው ጊዜ አግነስ ፖክልስ የምትባል ጀርመናዊት ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በማይገቡበት ዘመን ወላጆቿን እያስታመመች በማጀቷ ውስጥ ከቆርቆሮ በሠራችው ገንዳ የውሃን ገጽ ትለካ ነበር፤ ለሬይሊ የጻፈችው ደብዳቤም እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። 15ኛው ጸሐፊ፣ ያው የ8ኛው ወጣት፣ ፖክልስ የተጠቀመችው ገንዳ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች በውድ ለሚገዛው መሣሪያ መነሻ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አመነ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን እንደገና እርስዎ ማለት ጀመረ።

16ኛው ምላሽ አሠራሩን በዝርዝር ሰጠ፤ ለትምህርት ቤት የሚሆነው ይህ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲቷን ቀጭን የመዳብ ክር ማውጣት፣ ጫፏን የኑግ ዘይት ውስጥ ነክሮ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ከማስመሪያ ፊት አድርጎ በስልክ አጉልቶ ፎቶ ማንሣት። ጠብታዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እስክትሆን ድረስ መቀነስ። ከዚያ ሰፊ ትሪ ውሃ ሞልቶ፣ ገጹ ላይ ስስ ብናኝ ነስንሶ፣ ጠብታዋን በመሐሉ መንካት። ዘይቱ ብናኙን እየገፋ በቅጽበት ክብ ይሠራል። የግማሽ ሚሊ ሜትር ጠብታ ይዘት 0.065 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው፤ ክቡ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 31,400 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሲካፈል 2 ናኖሜትር ግድም ይወጣል። ይህም በትሪው ላይ ቦታ ስለጠበበ ሳይሆን፣ ዘይቱ ከዚህ በላይ ሊሳሳ ስለማይችል የሚቆምበት ውፍረት ነው፤ ሞለኪውሎቹ አንድ ረድፍ ሆነው ተሰልፈዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ ብናኙ ክርክር ተነሣ። 17ኛው ከየክፍሉ በነፃ የሚገኘውን የጠመኔ ብናኝ አቀረበ። እኔ በ18ኛው ሞክሬ መለስኩ፦ ጠመኔው ውሃውን ጠጥቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ወደ ትሪው ወለል ሰመጠ። 19ኛው በቀልድ ይሁን በቁም ነገር ያልገባኝ ሰው በርበሬ አለ፤ 20ኛው ደግሞ በርበሬ የራሱ ዘይት ስላለው ተማሪው ገና የኑጉን ጠብታ ሳይጥል በርበሬው ራሱ ሽፋን እንደሚሠራ፣ ከዚያም ክፍሉ በሙሉ እያስነጠሰ እንደሚበተን አስረዳ። ያዋጣው ከሱቅ የሚገዛው የሕፃናት ፓውደር ነው፤ እርሱም ከስታርች ሳይሆን ከታልክ የተሠራው። ታልክ ውሃ አይጠጣም። እፍኝ ሳይሆን ቁንጥርም ሳይሞላ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ከላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ብናኙ በአየር ስለሚነሣ ልጆቹ ፊታቸውን ከትሪው ያርቁ።

ይህንን ይዤ ከክበቡ ልጆች ጋር ሠራሁትና 22 ሴንቲሜትር ክብ፣ በስሌትም 1.7 ናኖሜትር ማግኘታችንን በ21ኛው ምላሽ በደስታ አሳወቅሁ። የጠየቀኝ ልጅ ክቡ ሲከፈት ያወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

22ኛው ምላሽ ደስታዬን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ያው ወጣት ነው። ጠብታዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሆኗን በምን ያህል እርግጠኝነት እንደለካሁ ጠየቀ። በማስመሪያ የሚሳሳተው አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ይዘቱ በዲያሜትሩ ኩብ ልክ ስለሚያድግ፣ 0.4 ከነበረች ውፍረቱ 0.9፣ 0.6 ከነበረች ደግሞ 3 ናኖሜትር እንደሚሆን አሳየ። ስለዚህ 1.7 ያልኩት ቁጥር ልኬት ሳይሆን ዕድል ነው፤ ነጥብ ሰባቷን በሰሌዳ ላይ መጻፌ ለልጆቹ የተሳሳተ ነገር ማስተማር ነው አለ። ሳነበው ተናደድኩ። ካደርኩ በኋላ ግን ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ ትክክል ነበር። 23ኛው ሊከላከልልኝ ሞክሮ፣ 0.9ም ሆነ 3 ያው ናኖሜትር እንጂ ማይክሮሜትር አለመሆኑ ለመጀመሪያ ትምህርት እንደሚበቃ ጻፈ። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቁጥር የጠየቅሁት እኔ ነኝና ከልኬቱ ስሕተት ልሸሽ አልችልም።

በ24ኛው ምላሽ መድኃኒቱን ያመጣው ራሱ ነቃፊው ነው። ጠብታን በዓይን ከመለካት ማቅጠን ይሻላል። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በንጹህ አሴቶን ተበጥብጦ አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር እንዲሆን በሁለት ደረጃ ይቀጥናል፤ ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር በሚይዝ የኢንሱሊን መርፌ ስንት ጠብታ እንደሚወጣ እስከ መጨረሻው ይቆጠራል። መቶ ጠብታ ከወጣ በአንዷ ጠብታ ውስጥ ያለው ዘይት 0.01 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው፤ አሴቶኑ ግማሹ ይተንናል፣ ግማሹ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ዘይትና ሽቶ ስለሚጨመርበት አይሆንም፤ ከቤተ ሙከራ ይምጣ። እሳት በአጠገቡ አይኑር፣ መስኮት ይከፈት፣ የመርፌውም ሹል ጫፍ በሞረድ ይደነዝ። ከሁሉም በላይ ትሪው በሳሙና ከታጠበ አሥር ጊዜ ይለቅለቅ፤ የሳሙና ርዝራዥ ቦታውን አስቀድሞ ይይዘዋልና።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተበታተነ። 25ኛው የፎቶኮፒ ቶነርን ከዘይት ጋር በማግኔት እሾኻማ ፈሳሽ መሥራት ይቻላልና ይህ ናኖ ነው አለ፤ 26ኛው ባለማመን በሚመስል ቁጣ የቶነር ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር መሆኑን፣ ማለትም ቢያንስ 50 ጊዜ ከናኖ ወሰን በላይ መሆኑን አስታውቆ፣ እውነተኛው ፌሮፍሉይድ (በማግኔት የሚሳብ ፈሳሽ) ከብረት ክሎራይዶችና ከአሞንያ የሚሠራ፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የጭስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል የማይሞከር መሆኑን ጻፈ። ቁጣው አላስፈለገም፤ እርማቱ ግን አስፈልጓል።

27ኛዋ በሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። ልጇ በትምህርት ቤት ከቤሪ ጭማቂ የፀሐይ ሴል ሠርታ መምጣቷን ነገረችን፤ ኦሬጋንና ግሬትዜል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቁት ዓይነት ነው። ቀለሙ የሚያርፍበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን ከናኖ ቅንጣቶች ስለሚሠራ ስፋቱ ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። እናትየው በቤሪው ፈንታ ካርካዴ ይሆናል ወይ ስትል ጠየቀች፤ 28ኛው ይሆናል፣ ቀለሙ የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስታወትና 450 ዲግሪ የሚደርሰው ምድጃ ከየት ይምጣ ብሎ ዘጋው። ምነው ባልዘጋው ኖሮ፤ መስታወቱን ከውጭ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ የሌለው ሰው ስንት ነው?

29ኛው ምላሽ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከልቤ የገባው ነው። ጸሐፊው ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ያስተምራሉ። በፍሪጅ በር ላይ ከሚለጠፈው ለስላሳ ማግኔት ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው፣ የሌላውን ማግኔት ጥቁር ጀርባ በቁራጩ ቀስ ብለው ሲጎትቱበት፣ ምንም ጎድጓዳ የሌለበት ለስላሳ ገጽ በጣት ስር ግጥ ግጥ ይላል። በአንደኛው አቅጣጫ ይነጥራል፣ በሌላው ዝም ይላል። አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪያቸው ነጥሮቹን እየቆጠረች የማግኔቱ ዋልታዎች በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚራራቁ ከሚያዩት ልጆች ቀድማ ተናገረች። ከዚያም መምህሩ በ9ኛው ምላሽ ስለተጠቀሰው መርፌ፣ በማያዩት ገጽ ላይ እየዳበሰ ካርታ ስለሚያወጣው መሣሪያ ሲነግሯት፣ ይህማ የእኔ ሥራ ነው አይነት ነገር እንዳለች ጽፈዋል። በናኖ ዓለም ሁላችንም ዓይነ ስውር ነን የሚለውን ነገር እርሳቸው አልጻፉትም፤ ልጅቷ ግን ገብቷታል።

30ኛው ያልተነሣውን አነሣ፤ የተረፈው የብር ብጥብጥ የት ተደፋ? ብር በውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ስለሆነ ወደ ማጠቢያው አይፈስስም፤ በጨው ውሃ አዝቅጦ፣ ዝቃጩን አጥልሎ ስሙ በተለጠፈበት ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። በእጅ ላይ ከፈሰሰም ቆዳን ያጠቁራል፣ ለቀናትም አይለቅም። ጓንት አለማድረጋችንን ከጣቶቼ አይቶ የነገረኝ ያህል ተሰማኝ።

31ኛው የእኔ ነው። በ24ኛው ምላሽ መሠረት ክፍሉን በስድስት ቡድን ከፍለን፣ ለእያንዳንዱ አንድ የእንጀራ ትሪ ሰጥተን ደገምነው። ውሃው ከማታው ተቀድቶ የተጠራቀመ ነበር። ከኢንሱሊን መርፌው መቶ ጠብታ ሊሞላ ሁለት ቀረው። አምስቱ ቡድኖች ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን ክብ አገኙ፤ ውፍረቱም ከ1.3 እስከ 2 ናኖሜትር ወጣ። ስድስተኛው ግን የ3 ሴንቲሜትር ተኩል ክብ፣ በስሌትም 11 ናኖሜትር ግድም ይዞ መጣ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ከሌሎቹ እኩል ጻፍነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ ያለው በዚህ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ትሪውን ከቤቱ ያመጣው እርሱ ሲሆን፣ እናቱ ለትምህርት ቤት የሚሄድ ዕቃ ነው ብለው በላርጎ ደኅና አድርገው አጥበውት ኖሯል። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እርሱና አንዲት ልጅ ቀሩ፤ ከክበባት ቢሮ በፔርሙስ የሙቅ ውሃ ለምነው ትሪውን ደጋግመው ለቀለቁት፣ እንደገና ሞሉት፣ ፓውደሩን መታ መታ አደረጉ። ማስመሪያው 8.5 አለ። ልጁ 11ን አላጠፋውም፤ ከጎኑ 1.8 ጽፎ፣ በሁለቱ መካከል ሳሙና ብሎ ጻፈበት።